በሐዋሳ የጂፕሰም ኮርኒስ በየክረምቱ ለምን ይበላሻል? ጥገናውስ ለምን አይጸናም?

በሐዋሳ ካሉት አዳዲስ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ቀና ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ ያያል። አንደኛው በየደረጃው የተሠራ፣ መብራት የተሰካካበት የጂፕሰም ኮርኒስ ነው። ሌላው ከኮርኒሱ ጥግ ቀጭን ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ነው። ክቡ አምና በቀለም ተሸፍኖ ነበር፤ ዘንድሮ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች እንደጣሉ ተመልሶ ወጣ። የቤቱ ባለቤት ቀቢውን ይወቅሳል፤ ቀቢው ቀለሙን ይወቅሳል። የቆርቆሮ ሠራተኛው፣ ከተጠራም፣ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ጥገናው የሚከሽፈውም እዚሁ ላይ ነው፦ መጀመሪያ መምጣት ያለበት ሰው ኋላ ይመጣል፤ በመካከል ሊኖር የሚገባው የማድረቂያ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ይዘለላል።

ውሃ ቦርዱን ምን ያደርገዋል?

ጂፕሰም ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ በእኛም አገር በአባይ ሸለቆ ይገኛል። ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ ሲጠበስ አብዛኛው ውሃ ይተንና ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይጠጥራል። ቦርዱ ይህ የጠጠረ ሊጥ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የታሸገበት ነው። ጥንካሬው ከጂፕሰሙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሰሌዳው እንዳይታጠፍና እንዳይሰበር ይዞ የሚያቆመው ግን በአብዛኛው ወረቀቱ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጂፕሰሙ ራሱ በውሃ ብዙ አይሟሟም፤ አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ረጥቦ ቶሎ የደረቀ ቦርድ ጥንካሬውን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ወረቀቱ ግን ውሃ ሲጠጣ ይላላል፣ ከሊጡ ይላቀቃል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀም ሻጋታ ይይዛል። 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ ባለ 12 ሚሊሜትር ሰሌዳ ደርቆ እያለ 25 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውሃ ሲጠጣ ብዙ ኪሎ ይጨምራል፤ ያንን ሁሉ ክብደት የሚሸከሙት 25 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ጥቁር ቪቲዎች (በካቻቢቴ የሚጠበቁ ብሎኖች) ናቸው። በቪቲው ዙሪያ ያለው ወረቀት ከላላ ሰሌዳው ከቪቲው ራስ ላይ ሾልኮ ይወርዳል። ቪቲዎቹ ፕሮፋይሉ (ቦርዱ የሚታሰርበት ቀጭን ብረት) ላይ እንደተሰኩ ቀርተው ኮርኒሱ ወለል ላይ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እድፉንም ቀረብ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ከላይ የወረደው ውሃ የጣሪያውን አቧራ፣ የእንጨቱን ቀለምና የቆርቆሮውን ዝገት ይዞ ይመጣል፤ ቦርዱ ላይ ሲሰራጭ ያመጣውን ሁሉ ዳር ላይ ትቶ ይተናል። ዳሩ ከመሐሉ የሚጠቁረው ስለዚህ ነው። አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ ካለ ውሃው ከአንድ ጊዜ በላይ መጥቶ ሄዷል ማለት ነው። ሦስት ወይም አራት ክብ ያለበት ኮርኒስ የቆየ ችግር አለበት፤ «ትናንት ነው የጀመረው» ቢባልም ማመን አይገባም። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ብርቱካናማ ነጥቦች ከታዩ ደግሞ የቪቲዎቹ ራስ እየዛገ ነው፤ እርጥበቱም ከአንድ ነጥብ አልፎ ሰፋ ያለ ቦታ ይዟል።

ውሃው ከየት ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ መቼ እንደሚሰፋ ነው። እድፉ የሚሰፋው ዝናብ በዘነበ ማግስት ብቻ ከሆነ ጣሪያው ነው። ዝናብ ሳይኖር ከሰፋ የቧንቧ መስመር ወይም ፎቅ ላይ ያለ መታጠቢያ ቤት ነው። ይህን ለመለየት ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ፣ የሮቶውንም መግቢያ ዘግቶ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ መልሶ ማየት ይበቃል። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ ያለ ቧንቧ ያፈሳል። በሮቶ በኩል ያለውን መስመር ለመፈተሽ ደግሞ የሮቶውን የውሃ ከፍታ ማታና ጠዋት ምልክት ማድረግ ነው። ውሃ በሌሊት በሚመጣባቸው ሰፈሮች አንድ የተለመደ ጥፋት አለ፦ የሮቶው ተንሳፋፊ መዝጊያ ይበላሽና ሰው ተኝቶ ሳለ ሞልቶ ይፈሳል። የትርፍ ውሃ ቱቦው ወደ ውጭ ካልተዘረጋ ያ ውሃ በቀጥታ ኮርኒሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

የጣሪያ ችግር ከሆነ ሐዋሳ ላይ በቅድሚያ መታየት ያለበት ከፓራፔት ጀርባ የተደበቀው አሸንዳ ነው። ቆርቆሮው ከመንገድ እንዳይታይ ዙሪያውን ግንብ ማንሳት የዘመኑ ቤቶች መልክ ሆኗል። መልኩ ያምራል፤ የሚያስከትለው ችግር ግን ከባድ ነው። በድሮው ቤት አሸንዳው ከግድግዳው ውጭ ስለሚንጠለጠል ሲሞላ ውሃው ግቢ ውስጥ ይወርዳል። በተደበቀው አሸንዳ ግን ከውጭ በኩል ያለው ግንብ ከፍ ያለ ስለሆነ የሞላው ውሃ መሄጃው ወደ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ፌስታል ወይም አንድ እፍኝ የደረቀ ቅጠል መውረጃውን ከያዘ ይበቃል።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ። ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 1 ካሬ ሴንቲሜትር የቱቦ አፍ የሚለው የሙያው ግምት ሲወሰድ፣ ባለ 110 ሚሊሜትር መውረጃ ከ85 እስከ 90 ካሬ ሜትር ይችላል፤ ባለ 75ቱ ግን 40 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ ባለ 75 ቱቦ የሚወርድበት ቤት ከመጀመሪያውም ውሃ እንዲገባበት ተደርጎ ነው የተሠራው። መድኃኒቱ ሁለተኛ መውረጃ መጨመር ነው። በተጨማሪ በፓራፔቱ ላይ ከአሸንዳው የውስጥ ከንፈር 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ መብሳት ይገባል። መውረጃው ሲደፈን ውሃው በዚያ በኩል ወደ ውጭ ይተፋል፤ ባለቤቱም አሸንዳው መዘጋቱን ከግቢ ሆኖ ያያል። ለአንድ ቤት ከሚደረግ ወጪ ሁሉ እንዲህ በትንሹ ብዙ የሚያድን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የሚስማር ቀዳዳ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይሸበሸባል፤ በዓመታት ውስጥ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከሚስማሩ ሥር ያለችው ጎማም ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ፈንታ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ ከተመታ ነገሩ ይፈጥናል። የላላ ሚስማር መልሶ ቢመታ አይጸናም፤ ነቅሎ ወፈር ያለ፣ ጎማ ያለው ቪቲ ማስገባት ነው የሚሻለው። ሲልከን መቀባት የሚጠቅመው ቆርቆሮው በብሩሽ ከዝገትና ከአቧራ ከጸዳና ፈጽሞ ከደረቀ ብቻ ነው፤ አቧራ ላይ የተቀባ ሲልከን በሚቀጥለው ፀሐይ ተልጦ ይነሳል።

ፍተሻው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የውሃ ጎማ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ውስጥ ይገባል። ውሃው ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ፣ በየቦታው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይለቀቃል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ የትኛው እንዳፈሰሰ አይታወቅም። ኮርኒሱ ውስጥ ያለው ሰው የሚረግጠው እንጨቱን ብቻ ነው፤ ቦርዱ ደረቅ ቢሆንም ሰው አይሸከምም። እድፉ ካለበት በላይ ቀዳዳ ባይገኝ አያስገርምም፤ ውሃ ሞራሌውን (የጣሪያውን እንጨት) ተከትሎ ሜትሮች ሄዶ ሌላ ቦታ ሊንጠባጠብ ይችላል።

አንድ ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሌሊት ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከቤት የወጣው እንፋሎት ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። የሻወር ወይም የማዕድ ቤት አየር ማስወጫ ወደ ውጭ ሳይወጣ ኮርኒሱ ውስጥ ከተለቀቀ ይህ ይብሳል። ዝናብም ሳይኖር፣ ቧንቧም ሳያፈስ እድፍ ከታየ ማስወጫውን ቱቦ ቀጥሎ ወደ ውጭ ማውጣት ነው።

ኮርኒሱ አብጦ ሲገኝ

ውሃ የቋጠረ ኮርኒስ ሆድ ያወጣል። መጀመሪያ የዚያ ክፍል መብራት ከማከፋፈያው ይጥፋ፤ ኮርኒስ ውስጥ የተሰካ አምፖል ውሃ ሊያጠራቅም ይችላል። ቀጥሎ ዕቃው ይነሳ፣ ባልዲ ይቀመጥ፣ ከጎን ቆሞ በረጅም ካቻቢቴ ያበጠው ቦታ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ይበሳ። በቀጥታ ከሥሩ መቆም አይገባም። ትንሽዋ ቀዳዳ ውሃውን ካላስተነፈሰች ሙሉ ሰሌዳው በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛው ይቆረጥ?

ያደፈ ግን በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ፣ ከቀጥ ጣውላ ጋር ሲለካ ያልረገበ ቦርድ ይቀመጣል። የረገበ ቦርድ ሲደርቅ እንደረገበ ነው የሚጠጥረው፤ በቪቲ ጎትቶ ለመመለስ መሞከር ይሰብረዋል። ወረቀቱ የተላጠ፣ ጣት የሚያስገባ ወይም ሻጋታ የያዘ መቆረጥ አለበት። ሻጋታው ላይ በረኪና መቀባት በብዙ ቤት ይደረጋል፤ ላዩን ያነጣል፣ ሥሩ ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፤ የበረኪናው ውሃም ወረቀቱን ተጨማሪ ያረጥበዋል። ብረትና ሲሚንቶ ላይ ያለ ሻጋታ በሳሙና ታጥቦ ይለቅቃል፤ ወረቀት ላይ ያለው አይለቅም። ውሃው ከሽንት ቤት መስመር የመጣ ከሆነ ምርጫ የለም፤ የነካው ቦርድ ሁሉ ይጣላል።

ሲቆረጥ እርጥበቱ ከሚታይበት ዳር ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር አልፎ ነው፤ ወረቀት ውሃን ዓይን ከሚያየው በላይ ርቆ ይስበዋልና። ቅርጹ አራት ማዕዘን ይሁን፤ ክብ ቀዳዳ የሚሞላ ሰሌዳ ማዘጋጀት ከንቱ ድካም ነው። የሚቻል ከሆነ ሁለቱ ዳሮች የፕሮፋይሉ ወገብ ላይ እንዲያርፉ መቁረጥ ይመረጣል። መጋዙ ከ12 ሚሊሜትር በላይ አይግባ፤ ከላይ የመብራት ሽቦ ሊኖር ይችላል። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ማስክ ይደረግ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። እንደ ሐዋሳ ባለ ሐይቅ ዳር ከተማ፣ በተለይ ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚጥልበት ወቅት፣ የተከፈተ ኮርኒስ በሁለት ቀን አይደርቅም። ቬንትሌተር ቀዳዳው ላይ አነጣጥሮ፣ መስኮት ከፍቶ አንድ ሳምንት ቢቆይ አይበዛም። ለማረጋገጥ 40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ላስቲክ በተቀረው ቦርድ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ 24 ሰዓት መተው ነው። ከላስቲኩ ውስጠኛ ፊት ላብ ከታየ ገና ነው። ሥራው አጣዳፊ ካልሆነ ጣሪያውን አሁን ደፍኖ፣ ቦርዱን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት መሥራት የተሻለ ውሳኔ ነው።

መተካቱ

60 በ60 ሴንቲሜትር ለሆነ ቀዳዳ የሚያስፈልገው ከነባሩ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ቦርድ፣ 20 ያህል ባለ 25 ሚሊሜትር ቪቲ፣ 3 ሜትር ቴፕ፣ ሁለት ኪሎ የጂፕሰም ዱቄት፣ አንድ ኪሎ ስቱኮና ሁለት የፕሮፋይል ቁራጭ ነው። ነባሩ ባለ 9 ሆኖ አዲሱ ባለ 12 ከሆነ መጋጠሚያው በምንም ስቱኮ አይደበቅም፤ ከመግዛት በፊት የተቆረጠውን ቁራጭ ይዞ ሱቅ መሄድ ይህን ያስቀራል።

ዳሩ ፕሮፋይል ላይ ካላረፈ ከቀዳዳው በሁለቱም በኩል 15 ሴንቲሜትር የሚተርፍ ድጋፍ ወደ ውስጥ ሾልኮ ይገባና ከነባሩ ቦርድ ጋር በቪቲ ይያዛል። የዛገ ፕሮፋይል ሲፋቅ ቅርፊት ከለቀቀ ይቀየር። አዲሱ ቁራጭ ከቀዳዳው በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ያህል ያንሳል፤ ተጨናንቆ የገባ ቦርድ ሲለጠጥ መጋጠሚያውን ይሰነጥቃል። ከመግጠም በፊት የሁለቱም ቦርዶች ዳር በካተር ሰያፍ ይከርከም፤ ዱቄቱ የሚይዝበት ቦይ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ቪቲዎቹ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር እየተራራቁ፣ ከዳሩ 1 ተኩል ሴንቲሜትር ገባ ብለው ይመታሉ። የቪቲው ራስ ወረቀቱን ሳይቀድ ትንሽ ሰርጎድ ማድረግ አለበት። ወረቀቱን ከቀደደ ያ ቪቲ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሌላ በአጠገቡ ይመታል።

ዱቄቱ ሲበጠበጥ ውሃው ይቀድማል፦ ከ600 እስከ 700 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ አንድ ኪሎ ዱቄት እየተበተነ ይጨመራል፤ አንድ ደቂቃ ጠጥቶ ሲረጋ ይማሰላል። መበጥበጫ ዕቃው ወይም ስፓቱላው ላይ የቀድሞው ጂፕሰም ቅርፊት ካለ አዲሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል፤ የጠጠረው ፍርፋሪ ለአዲሱ ዘር ይሆንበታልና። መጠጠር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማላላት የተለመደ ነው፤ ሲደርቅ ግን በጥፍር የሚፋቅ ደካማ ነገር ነው የሚሆነው። በአንድ ጊዜ የሚበጠበጠው በ10 ደቂቃ የሚያልቀው ብቻ ይሁን።

ቦዩ በጂፕሰም ከተሞላና ከጠጠረ በኋላ በስስ ሽፋን ላይ ቴፑ ይለጠፋል፣ በስፓቱላ ይጨመቃል። የወረቀት ቴፕ ከመረብ ቴፕ ይልቅ መሰንጠቅን ይከላከላል፤ ውሃ ነክሮ አራግፎ መለጠፍ ግን ይፈልጋል፣ አለዚያ ሥሩ አየር ይቋጥራል። ከዚያ ስቱኮው በሦስት ዙር፦ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 30 ሴንቲሜትር ስፋት እየያዘ ይቀባል። ስቱኮ እንደ ጂፕሰም አይጠጥርም፤ ውሃው ሲተን ነው የሚደርቀው፤ ስለዚህ በየዙሩ መካከል 24 ሰዓት ይሰጥ። በአንድ ቀን ተወፍሮ የተቀባ ስቱኮ ሲደርቅ ይሸበሸብና በመጋጠሚያው ልክ ስንጥቅ ያወጣል። ፋቂው ባለ 120 ከዚያም ባለ 180 የብርጭቆ ወረቀት ነው። አምፖል ከጎን አስጠግቶ ማብራት ዓይን በቀን የማያየውን ጉብታ ያሳያል።

ቀለሙ

እድፉ የቀረበት ነባር ቦርድ ላይ ፕላስቲክ ቀለም በቀጥታ ሲቀባ የቀለሙ ውሃ እድፉን ያሟሟና ወደ ላይ ይስበዋል። ሦስተኛ ዙር ቢደገምም ያው ነው። እድፉን የሚያግደው የዘይት መሠረት ያለው ስስ ነጭ ቀለም ነው፦ በማቅጠኛው ቀጥኖ እድፉንና 10 ሴንቲሜትር ዙሪያውን አንድ እጅ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ቀለል አድርጎ ተፍቆ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት እጅ። ይህ የሚሆነው ቦርዱ ከደረቀ ብቻ ነው፤ እርጥብ ቦርድ በዘይት ቀለም ከታሸገ ውሃው መውጫ አጥቶ ቀለሙን አሳብጦ ይነሳል። የመጨረሻው እጅ ጥግ እስከ ጥግ ኮርኒሱን በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ጥገናው ላይ ብቻ የተቀባ ቀለም እንደ ልጥፍ ይታያል።

የግድግዳው እግር

የክፍል መለያ ቦርድ ከታች ረጥቦ ከተገኘ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቦርድ ሴራሚኩ ላይ በቀጥታ ከቆመ ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ ይጠጣል። ከውሃው ምልክት 30 ሴንቲሜትር በላይ ተቆርጦ አዲሱ ሲገባ ከወለሉ 1 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ክፍተቱን ዞኮሎው (በግድግዳው እግር ዙሪያ የሚለጠፈው) ይሸፍነዋል። የብሎኬት ግድግዳ እግር ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ከወጣ ደግሞ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ነው። ወደ ሐይቁ በተጠጉ ሰፈሮች፣ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት፣ እዚህ ላይ ጂፕሰም መለሰን ብክነት ነው፤ ጨው ገፍቶ ይጥለዋል።

ለመታጠቢያ ቤት አረንጓዴው ቦርድ ይመረጣል። ጥሩው ዓይነት ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከክብደቱ 5 በመቶ በላይ አይጠጣም። እርጥበት ይችላል ማለት ግን የሚያፈስ ቧንቧ ይችላል ማለት አይደለም። ጂፕሰሙን አውርደው የፒቪሲ ኮርኒስ የሚያስገጥሙም በዝተዋል። ፒቪሲ ውሃ አይጎዳውም፤ ለዚህም ነው አደገኛ የሚሆነው፤ እድፍ ስለማያሳይ ከላይ ያለው እንጨት በስብሶ እስኪረግብ ድረስ ማንም አያውቅም።

ተከራይ ለሆነ ሰው ይህ ሁሉ ሌላ ትርጉም አለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ስለዚህ አዲስ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ያለበትን ቤት የሚከራይ ሰው ከመፈረሙ በፊት ባትሪ በኮርኒሱ አግድም አብርቶ ረገብ ያለ ቦታ ይፈልግ፣ ጥጎቹን ፎቶ ያንሳ፣ ጣሪያ ካፈሰሰ ማን በስንት ቀን እንደሚጠግን በውሉ ያስጽፍ።

ቦርዱን የሚያስጠግን ባለቤት ደግሞ አንድ ነገር አብሮ ቢያሠራ ይጠቀማል፦ ከአሸንዳው መውረጃ በቅርብ፣ ኮሪደር ወይም ቁም ሳጥን በላይ፣ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ የሚከፈት የመፈተሻ በር። ጥገናው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ በሩን ከፍቶ በባትሪ ሞራሌዎቹን ማየት ነው፤ የረጠበ እንጨት ከደረቀው በቀለም ይጠቁራል፣ እድፉ ቦርዱ ላይ ከመታየቱ በፊትም ብዙ ቀን ቀድሞ ይታያል።